የመንኮራኩር ጎዳና እና የጣቢያው መሬት



ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. «ኒው ሆራይዘንስ» የተባለችው መንኮራኩር ከድንክ ፕላኔቷ ፕሉቶ ገጽ 12,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች። አቀራረቧን የተከታተሉት በካሊፎርኒያ፣ በማድሪድና በካንቤራ አቅራቢያ የተተከሉ አንቴናዎች ነበሩ። ምድር ስለምትሽከረከር አንድ ጣቢያ ብቻውን መንኮራኩርን ቀንና ሌሊት መከታተል አይችልም። የጠፈር ታሪክ የመልክዓ ምድርም ታሪክ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በወቅቱ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር በነበረችው አስመራ፣ በቃኘው ጣቢያ፣ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 «ስቶንሃውስ» የተሰኘ የምስጢር ማዳመጫ ነበራቸው። ስፋታቸው 26 እና 46 ሜትር የሆነ ሁለት አንቴናዎች የሶቪየት የሩቅ ጠፈር መንኮራኩሮችን ምልክት ይጠልፉ ነበር። አስመራ ከክሪሚያው የሶቪየት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ጋር በተቀራራቢ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለችና፣ መንኮራኩሩ ለክሪሚያ ሲታይ ለአስመራም ይታይ ነበር።

ከፍታውና ኬንትሮሱ የአገሩ ሀብት ሲሆኑ፣ የተገኘው ዕውቀት በምስጢር ተጠቅልሎ ባሕር ተሻገረ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትመጥቅ፣ መቀበያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። የታሪክ ተማሪ እንግዲህ ስለ እያንዳንዱ አንቴና ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የት ተተከለ? መዝገቡስ በማን እጅ ቀረ?