ከማንኪራ እስከ ሚናማታ

ማንኪራ ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ በከፋ ዞን ዴቻ ወረዳ የሚገኝ ሥፍራ ነው። የከፋን ሰው «ቡና የተገኘው የት ነው?» ብትሉት ጣቱን ወደዚያ ይቀስራል፤ የቡናዎች ሁሉ እናት የሚላትን ዛፍ የሚያሳያችሁም እዚያው ነው። ከጅማ ጋር ያለውን የመገኛ ሙግት ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በጫካ ጥላ ሥር የሚበቅለው ይህ ቡና በልማዱ ፀረ ተባይ የሚባል ነገር አይረጭበትም። ዩኔስኮም በ2010 (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ታዲያ ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝቻለሁ ማለቷን ከምኑ ጋር እናስታርቀው?

መልሱ ከዛፉ አልተገኘም፤ ከጆንያው ነው እንጂ። የተገኘው እንደ ሊንዴን ያለ አሮጌ መርዝ ነበር፤ ምርመራውም ያመለከተው ቡናው ወደተጫነበት ጆንያ ነው። ገበሬው ምን በወጣው? ቡናው ንጹሕ፣ ከረጢቱ የተበከለ! ከደንበኞቻችን ቀዳሚዎች አንዷ በነበረችው አገር ገበያው አሽቆለቆለ። ለነገሩ ጆንያ መርዝ ቢነካው የሚደንቅ አልነበረም። በዚያው ዘመን በየመጋዘናችን ከ3,000 ቶን ያላነሰ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ተከማችቶ ነበር፤ ከፊሉ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ነው የተቃጠለው።

ጃፓኖች ለምን እንዲህ አጠበቁት? ከ2006 ጀምሮ ባሠሩበት ደንብ፣ የተለየ መጠን ያልተወሰነለት ቅሪት ሁሉ ከሚሊዮን 0.01 እጅ ማለፍ የለበትም። ደንቡ በቀጥታ ከሚናማታ ተወለደ አልልም። ነገር ግን ሚናማታን ያየ ሕዝብ በማዕዱ ላይ ቀልድ አያውቅም ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ሚናማታ በኪዩሹ ደሴት የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ያለበትን ዝቃጭ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። (ባዜቃ የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ውጭ ማን ያውቀዋል? መርዙ ሲገባ ስሙ ወጣ።) መጀመሪያ ያበዱት ድመቶች ናቸው፤ ዓሣ በልተው እየተንዘፈዘፉ ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ። ቀጥሎ ሰው። ግንቦት 1 ቀን 1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መከሰቱን ለጤና ጽሕፈት ቤት አስታወቀ። በ1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንስኤው ሜርኩሪ ነው አሉ። በዚያው ዓመት የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ የፋብሪካውን ዝቃጭ ከምግብ ቀላቅለው ለአንድ ድመት ሰጡ፤ በሙከራው መዝገብ 400ኛው ነው። ድመቱ እንደ ሰዎቹ ታመመ። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀው። መንግሥት የበሽታውን ምክንያት በይፋ ያመነው መቼ ነው? መስከረም 1968። ዕውቀቱ በ1959፣ ውሳኔው በ1968። በእነዚያ 9 ዓመታት መሐል እናቶች ዓሣ በልተዋል፣ ሕፃናትም ከማኅፀን ተመርዘው ተወልደዋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የእኛ ሜርኩሪ ዲዲቲ ነበር ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ከወባ አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። በ2009 ግን ከወባ ርጭት ወጣ። ተመራማሪዎች ትንኟ እንደለመደችው በማስረጃ አሳዩ፣ ጤና ጥበቃም ሰማ። ሳይንስና ፖሊሲ ተገናኙ፣ እሰየው! ልብ በሉ ግን፣ ዲዲቲ የተሰናበተው ሰው ስለጎዳ ሳይሆን ትንኝ መግደል ስላቃተው ነው።

ሰውየውስ? በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ አገኘ። በ2014 ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂግ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በጅማ ዞን ቡና፣ በርበሬ፣ በቆሎና ጤፍ መርምረው የፀረ ተባይ ቅሪት፣ ዲዲቲም ጭምር እንዳለ ጻፉ። ከከፋ ጎረቤት ነው እኮ! የጃፓን ላቦራቶሪ ሲናገር ጆንያ የመንግሥትም የነጋዴም አጀንዳ ሆኖ ነበር። የአሰንዳቦ እናት ወተት ግን ወደ ውጭ አይላክም፤ ኮንቴነር የሚመልስባት ገዢ የላትም። ሕግ ጎድሎን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300 ከ2002 ጀምሮ አለ፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ 674 ደግሞ ከ2010። የጎደለው፣ ጥናቱ ከመጽሔት ወጥቶ ከባለሥልጣኑ ጠረጴዛ የሚደርስበት መንገድ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ባሕር ማዶ ታትሞ፣ ለደረጃ ዕድገት ተቆጥሮ ያበቃል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

በጉጂ የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ነዋሪዎች ስለ ውርጃና አካል ጉዳት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት ጮኸው፣ ፈቃዱ በ2018 ታገደ። ጥናት ተካሄደ፤ በ2021 ሥራው ቀጠለ። በ2023 የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ያነሱት አቤቱታ ጥናቱ ለሕዝብ ይፋ አልተደረገም የሚል ነበር። ጥናቱ ስለ እነዚያ እናቶች ነው፤ ሲጠይቁ የነበሩትም እነሱ ናቸው።