ከድንኳን እስከ ላስቲክ፤ የተሳቢ ሸራ ታሪክ በሆሳዕና መናኸሪያ

የአገራችን የመንገድ ማመላለሻ ታሪክ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚነገረው ስለ መንገዱ ነው፤ ቀጥሎም ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሾፌሩና ስለ ታሪፉ። ጭነቱን ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከአቧራ ጠብቆ ለገበያ ያደረሰው ሸራ ግን እንደ ገመድና እንደ ክሪክ ከዕቃ ዝርዝር መጨረሻ ተመዝግቦ ይቀራል። እኔም በሙያው ውስጥ ብዙ ዘመን ቆይቼ ነገሩን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው፤ ይኸውም በሆሳዕና መናኸሪያ አቅራቢያ ቆሞ የነበረ አንድ ተሳቢ ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ ነው። ስለ ተሳቢው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሆሳዕና ራሷ የድንኳን ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ቀድሞ ዋቸሞ ይባል በነበረው ሥፍራ ራስ አባተ ቧያለው የሠፈሩት በሆሳዕና በዓል ዕለት ስለ ነበረ፣ ከተማዋ የበዓሉን ስም ይዛ እንደ ቀረች ይነገራል። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት አስቀድሞ የጦር ሠፈር ነበር፤ ሠፈርም ያለ ድንኳን አይታሰብም። በድንኳን ያደረ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ ያውቅ ነበር፤ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ የጨርቁን ውስጥ በእጅ መንካት አይገባም፤ የተነካው ቦታ ማንጠብጠብ ይጀምራልና። ከዚህች ትንሽ ሕግ በስተጀርባ ያለው ምሥጢር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

የሐድያና የከምባታ ገበሬ ድንኳን ባይኖረውም የራሱ መሸፈኛ ነበረው። እረኛው ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ይደርባል፤ ሲራራ ነጋዴው የበቅሎውን ጭነት ቁርበት ያለብሳል፤ ገበያተኛዋ ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ታስራለች። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ተለብጦ፣ ላዩም በድንጋይ ተጭኖ የሚዘጋው አየር እንዳይገባበት ነው፤ ሲታፈን ነው የሚበስለው። ገሳ ግን ተቃራኒው ነው፤ ውሃውን በሣሩ ላይ አንሸራትቶ ይጥላል እንጂ የለበሰውን ሰው አያፍነውም። ማፈንና መሸፈን ሁለት የተለያዩ ጥበቦች መሆናቸውን የአገሬው ሰው ከማናችንም አስቀድሞ አጥርቶ ያውቅ ነበር።

ከባድ የጭነት መኪና በአገራችን በብዛት የታየው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 እና መሰሎቹ በሸራ ተሸፍነው፣ አንዳንዴም ተሳቢ አስከትለው ተራራውን ይወጡ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ መኪኖቹም ቃላቱም ቀሩ፤ ጎማ፣ ስፖንዳ፣ ካላማዳሪያ፣ ፖርቶ መጋላ እያልን ዛሬም እንጠራቸዋለን። ሸራ ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ጣሊያኖች በራሳቸው ቋንቋ የሚጠሩበት ስም ከእኛ ዘንድ አልለመደም። ከሞተር በፊት እናውቀው ለነበረ ነገር አዲስ ስም መበደር ያላስፈለገን ይመስለኛል።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች ቢያድስም፣ ከዓለምገና በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ ታሪክ ለብቻው የሚነገር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነዋሪውና አዲስ አበባ የሚኖረው ተወላጅ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራው መንገድ ነው፤ ስለ ማኅበሩም ፈቃዱ ገዳሙ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል። መንገዱ ግን ገና አፈርና ጠጠር ነበረና በክረምት ጭቃ የያዘው መኪና በመንገድ ላይ ውሎ ማደሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከሐድያ ስንዴ፣ ከከምባታ ቡና የጫነ ነጋዴ ሸራውን የሚገዛው ለአንድ ቀን ዝናብ አስቦ አልነበረም። ለሦስትና ለአራት ቀን እህሉን ሳያሻግት የሚያቆይለትን ይፈልግ ነበር።

የጥጥ ሸራ ይህን የሚችለው እንዲህ ነው። ክሩ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲያብጥ በክርና በክር መካከል ያለው ቀዳዳ ይጠብባል፤ ዝናቡም ላይ ላዩን ይወርዳል። ከውስጥ በእጅ ሲነካ ግን ውሃው የተነካውን ቦታ ተከትሎ ይሰርጋል፤ የድንኳኑ ሕግ ከዚህ የመጣ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ክሩ ይደርቃል፣ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ከእህሉ የሚወጣው እንፋሎትም መውጫ ያገኛል። ውሃ የመመከት ኃይሉን ለመጨመር ሰም ወይም የተልባ ዘይት ይቀቡታል፤ የባሕር ሰዎች ደግሞ በጥንት ዘመን ሬንጅ ይቀቡት ነበር። ነቀፋ የለበትም አልልም። ሲረጥብ ሁለት ሰው የማያነሣው ይሆናል፤ እርጥብ እንደሆነ ታጥፎ ከተቀመጠ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፤ አይጥም ትወደዋለች። ዳሩ ግን ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀኗ ፀሐይ ሌሊቷ ብርድ የሆነች ከተማ ናት። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ አየር በማያሳልፍ ክዳን ሥር ጤዛ ይቋጥራል። ወደ 13 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይዞ በደኅና የተጫነ ስንዴ፣ ዝናብ ሳይነካው፣ ከገዛ ክዳኑ በሚወርድ ላብ ሊበሰብስ ይችላል።

ተሳቢ ሁሉ ለእህል የተሠራ አይደለም። በ1951 እና በ1952 ዓ.ም. ዋሊ ባያም የተባለ አሜሪካዊ የሚመራው የ41 ተሳቢ ቤቶች ጉዞ ከኬፕ ታውን ተነሥቶ፣ በኢትዮጵያ አልፎ ካይሮ ደርሷል፤ አዲስ አበባም ሲገባ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኝቷል። ተሳቢዎቹ በአሉሚኒየም የተለበጡ፣ አልጋና ምድጃ ያላቸው ነበሩ። ባለሙያን የሚያነጋግረው ግን የጉዞው ድምቀት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ተሳቢ አብዛኛውን ዘመኑን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ ባለቤቶች ለሚቆመው ተሳቢ የመረጡት ልብስ ከብዙ ሙከራ በኋላ እንፋሎት የሚያሳልፍ፣ መተንፈሻ ቀዳዳ የተተወለት ጨርቅ ሆኗል። ፋብሪካው በሰው ሠራሽ ክር ይሥራው እንጂ ሐሳቡ የገሳ ሐሳብ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ላስቲክ የሚሠራበት ፖሊኢቲሊን በእንግሊዝ አገር የተገኘው በ1925 ዓ.ም. ነው። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜና ከዚያም በኋላ የላስቲክ ሸራ ለመጠለያ በየአገሩ ተሠራጨ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይበሰብስም። የመናኸሪያ ረዳት ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ ብቻውን ይዘረጋዋል። ለአንድ ቀን መንገድ የሚስተካከለው የለም፤ ለዚህ ምስክርነቴን እሰጣለሁ። ስሕተቱ የመጣው ለጉዞ የተሠራውን ለማቆያ ስናደርገው ነው።

ወደ ተሳቢው ልመለስ። የቅርብ ዘመዴ የነበረው ይህ ተሳቢ፣ ሳቢው መኪና መለዋወጫ አጥቶ ስለ ቆመ ሁለት ክረምት መቆም ነበረበት። አሮጌው የጥጥ ሸራ ተጣጥፎ ተቀመጠና አዲስ ላስቲክ ተገዛለት፤ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከላይ እስከ መሬት አልብሰን፣ ዙሪያውን በገመድ ወጥረን አሰርነው። በሁለተኛው መስከረም ስንገልጠው የወለሉ ጣውላ በጣት ይፈረፈራል፤ የስፖንዳው ማጠፊያ በዝገት ተያይዟል፤ ፀሐይ የሰነጠቀው ላስቲክም በነፋስ እየተማታ ቀለሙን ፍቆታል። አንዲት ጠብታ ከላይ አልገባችም ነበር።

በመናኸሪያው አጥር ሥር ሸራ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ መጥተው አዩት። «ልጄ፣ አፍናችሁት ነው» አሉኝ።

«ዝናብ እንዳይገባ ብለን ነው አባባ።»

«ዝናቡማ አልገባም። የራሱ ውሃ መውጫ አጣ እንጂ።»

ከዚያም እንዴት መልበስ እንደ ነበረበት አሳዩኝ። በመካከሉ ማገር ቆሞለት ክዳኑ እንደ ቤት ጣሪያ መሾል አለበት፤ ውሃ እንዳይተኛበት። ጠርዙ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይላል፤ በፊትና በኋላ አየር የሚተላለፍበት ክፍት ይተዋል። የስፖንዳው ማዕዘን ሸራውን እንዳይበላው የአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ ይታሰርበታል። በበጋ በየወሩ ተገልጦ ፀሐይ ይመታል። ይህን ሁሉ የተማሩት ከሾፌሮች እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሾፌሮቹ ከማን እንደ ተማሩት ግን አልጠየቅሁም።

ተሳቢው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠ። አሮጌው የጥጥ ሸራ በሁለት ቦታ ተጥፎ ከመናኸሪያው በር አጠገብ ላለች ሻይ ሻጭ ተሰጠ፤ ባለፈው ሐምሌ ወደ ዱራሜ የሚሄድ አውቶቡስ ስጠብቅ ዝናቡን ያሳለፍኩት በእርሱ ሥር ነው።