ስድስት ሰዎች በአንድ ማለዳ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ በጃፓኗ ሂሮሺማ ከተማ የአቶሚክ ቦምብ ተጣለ። በተከታዮቹ ወራት ጋዜጦች ስለ ቦምቡ ኃይል፣ ስለ ፈረሱት ሕንፃዎችና ስለ ሟቾቹ ብዛት ጻፉ። አንባቢው ቁጥሩን አወቀ፤ ሰዎቹን ግን አላወቀም።

በ1946 ጆን ኸርሲ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ወደ ሂሮሺማ ሄደ። ኸርሲ በቻይና ያገለግሉ ከነበሩ ሚስዮናውያን የተወለደ ነው። ከእልቂቱ ከተረፉት መካከል ስድስት ሰዎችን መረጠ፦ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ፣ ልብስ እየሰፋች ሦስት ልጆች የምታሳድግ መበለት፣ ሁለት ሐኪሞች፣ አንድ ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስና አንድ የሜቶዲስት መጋቢ። ትረካውን የጀመረው እያንዳንዳቸው በዚያች ቅጽበት ያደርጉት ከነበረው ተራ ነገር ነው። የቢሮ ሠራተኛዋ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ለማነጋገር ዘወር እያለች ነበር።

ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ጽሑፉን በአራት ክፍል ሊያወጣ አስቦ ነበር፤ በኋላ ግን የኦገስት 31 ዕትሙን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ታሪክ ሰጠው። ዕትሙ ፈጥኖ ተሸጦ አለቀ፤ ጽሑፉም በሬዲዮ ተነበበ። ከአንድ ዓመት በፊት ጃፓናዊውን በጠላትነት ብቻ የሚያውቅ አሜሪካዊ፣ ልጆቿን ከፍርስራሽ ውስጥ ቆፍራ የምታወጣ እናት ታሪክ አነበበ።

መጋቢ ኪዮሺ ታኒሞቶ በወንዝ ዳር ጀልባ አገኘ፤ በዙሪያዋ አምስት ሰዎች ሞተው ነበር። ጀልባዋን ከመውሰዱ በፊት ሟቾቹን ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም ቁስለኞችን ወደ ማዶ ያሻግር ጀመር። ኸርሲ በዚህ ስፍራ አንባቢውን “አልቅስ” አይለውም። የሆነውን ብቻ ይነግረዋል።

ኸርሲ የአተራረክ ስልቱን ከልብ ወለድ ተዋሰ፤ ፈጠራን ግን አልተዋሰም። በ1980 ባሳተመው ጽሑፍም ጋዜጠኛ አንዲት ነገር እንኳ ከራሱ መጨመር እንደሌለበት አጥብቆ ተከራክሯል። አንባቢ አንድ ነገር እንደተፈጠረ ከደረሰበት፣ እውነተኛውንም መጠራጠር ይጀምራልና።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ነገር ለጋዜጠኞች ብቻ የተተወ አይደለም። እኛም በጉባኤ ፊት ምስክርነት እንሰጣለን፤ የሌላውን መከራ በስልካችን እናሰራጫለን። ታሪኩ ልብ እንዲነካ ብለን ጥቂት “ቅመም” ስንጨምር የምንበድለው ሰሚውን ብቻ አይደለም፤ መከራው በእውነት የደረሰበትንም ሰው ነው። የእርሱ እውነት ከእኛ ጭማሪ ጋር አብሮ ይጣላልና። ስለዚህ ከመተረካችን በፊት ጠይቀን እንወቅ፤ ካላወቅነውም ዝም እንበል።