«ሰብሊሜሽን»፦ የቃሉ ታሪክና የአማርኛ ፍች

በትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ድብልቅን ስለ መለየት ሲወሳ፣ አብዛኛዎቹ ግብሮች ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደሉም። እህል የሚያበጥር፣ ጠላ የሚያጠል፣ ቅቤ የሚያነጥር፣ አረቄ የሚያወጣ ሕዝብ ለነዚህ ሥራዎች ቃል አላጣም። ከዚህ ተርታ ተነጥሎ የቆመው «ሰብሊሜሽን» ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍች «ጠጣር ነገር ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ መለወጡ» የሚል ነው። ይህ ፍች ለፊዚክስ የተስማማ ነው። ነገር ግን ከቃሉ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ልጅ ከመሆኑም በላይ፣ ተማሪው በጠረጴዛው ላይ የሚሠራውን ሥራ በሙሉ አይገልጽም። ስለዚህ የአማርኛ አቻ ከመምረጣችን በፊት የቃሉን ታሪክ መመልከት ይገባናል።

የላቲኑ ግሥ «ሱብሊማሬ» ከፍ ማድረግ፣ ወደ ላይ ማንሣት ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ዐረብኛ ለዚሁ ሥራ «ተጽዒድ» ይል ነበር፤ ትርጉሙም ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በ925 ገደማ (እ.ኤ.አ.) የሞተው ሐኪምና አልኬሚስት አል-ራዚ «ኪታብ አል-አስራር» በተባለው መጽሐፉ ንጥረ ነገሮችን፣ ዕቃዎችንና የአሠራር ስልቶችን በየፈርጃቸው ሲዘረዝር፣ ተጽዒድን ከስልቶቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የዐረቦቹ እውቀት ከ12ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ወደ ላቲን ሲተረጐም ሐሳቡ አብሮ ተሻገረ። በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የተጻፈው «ሱማ ፐርፌክሲዮኒስ» ደግሞ ነገሩን ሲወስን፣ ደረቅ ነገር በእሳት ኀይል ወደ ላይ ተነሥቶ በዕቃው ላይ መጣበቁ ነው ይላል።

አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ በዚህ ጥንታዊ ፍች ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ መነሣትና መጣበቅ። ስለ ፈሳሽ መኖር ወይም አለመኖር የተነገረ ቃል የለም። ቃሉ የተፈጥሮ ለውጥ ስም ሳይሆን የእጅ ሥራ ስም ነበርና።

ፍቹ የጠበበው በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ የጠጣር፣ የፈሳሽና የጋዝ ጠባይ በሙቀትና በግፊት መለካት ሲጀምር ነው። ጄምስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ሦስቱ ሁኔታዎች አብረው የሚገኙበትን ነጥብ ሰየመ። ከዚያ ነጥብ በታች በሆነ ግፊት ጠጣሩ ሲሞቅ ሳይቀልጥ ይተናል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነጥብ 5.1 አትሞስፌር ግድም በመሆኑ፣ ደረቁ በረዶ በተለመደው የአየር ግፊት በ78.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች በቀጥታ ጋዝ ይሆናል።

ቃሉ እንዲህ ሲጠብ አሮጌዎቹ ምሳሌዎች ግን በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቀሩ። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። አዮዲንና አሸዋ የተደባለቀበት ሳህን ይሞቃል፤ በላዩ ቀዝቃዛ የመስታወት ክዳን ይደፋል፤ ወይን ጠጁ ተን ተነሥቶ በክዳኑ ላይ የሚያብለጨልጭ ጠጣር ይሆናል። ሥራው የሠመረ ነው። ይሁን እንጂ አዮዲን በ113.7 ዲግሪ የሚቀልጥ ንጥረ ነገር ነው። እሳቱ ከበረታ ከተኑ በታች ፈሳሹ ይታያል። ፍቹን በቃሉ ያጠና ተማሪ ፈሳሹን ሲያይ ወይ ዐይኑን፣ ወይ መጽሐፉን ይጠራጠራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የከበደ ነው። አሞኒየም ክሎራይድ፣ ዐረቦቹ «ኑሻዲር» ያሉት ጨው፣ ከገበታ ጨው ጋር ተደባልቆ ሲሞቅ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። የገበታ ጨው ግን እስከ 801 ዲግሪ ስለማይቀልጥ ከታች ይቀራል። ሊዮፖልድ ፔባል እ.ኤ.አ. በ1862 እንዳሳየው፣ የሚነሣው ተን አሞኒየም ክሎራይድ ሳይሆን አሞኒያና ሃይድሮጂን ክሎራይድ ተለያይተው ነው፤ ሲቀዘቅዙ መልሰው ይዋሐዳሉ። ስለዚህ በዛሬው ጠባብ ፍች ይህ ሰብሊሜሽን አይደለም፤ በአል-ራዚና በ«ሱማ» ፍች ግን ጥርት ያለ ሰብሊሜሽን ነው።

እንግዲህ የአማርኛውን ቃል ስንሻ አንድ ሳይሆን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች እንዳሉ ማወቅ አለብን። በመጀመሪያ ሐሳብ የሚመጣው ከግእዙ «ዐርገ» የሚወጣው «ዕርገት» ነው። ከዐረብኛውም ከላቲኑም ጋር በትክክል ይገጥማል፤ «ማዕረግ» የሚለውም የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው። ነገር ግን «ዕርገት» በሰሚው አእምሮ ከትንሣኤ በኋላ በ40ኛው ቀን የሚውለውን በዓል ያስነሣል። ከዚህም በላይ፣ መውጣትን ብቻ ስለሚናገር መጣበቁን ይተዋል። «ትነት» ብቻውን ሲሆን የውሃውንም የአልኮሉንም ስለሚጠቀልል አይለይም። በክዳኑ ላይ የሚገኘውን ጠጣር «ዝቃጭ» ማለት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ዝቃጭ ወደ ታች የሚወርድ ነውና።

በበኩላችን ለሁኔታው ለውጥ «ቀጥታ ትነት»፣ ለመለያ ስልቱ «አትንኖ መያዝ» የሚሉትን በሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ማስፈር ይበጃል እንላለን። በመጀመሪያው ሥር ደረቅ በረዶ፣ በሁለተኛው ሥር አዮዲንና አሞኒየም ክሎራይድ ምሳሌ ይሁኑ። ተርጓሚውም ቃሉ በቆመበት ዐረፍተ ነገር የትኛው እንደተፈለገ መመርመር ይጠበቅበታል። በአሮጌ የሕክምና ጽሑፍ «ሰብሊሜት» የሚለው የሜርኩሪ ክሎራይድ መርዝ ስም መሆኑን ያላወቀ ተርጓሚ፣ መርዙን ተን ሊያደርገው ይችላል። በሥነ ልቡና ጽሑፍ የሚገኘው ደግሞ ፍሮይድ ለስሜት ዝንባሌ በምሳሌነት የተዋሰው ስለሆነ ሌላ ቃል ይሻል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ መምህሩ ነገሩን ለማስረዳት ወደ አማርኛ መመለሱ አይቀርም። በዚያች ሰዓት የሚያቀርበው ቃል ከሳህኑ ጋር ካልተስማማ፣ ተማሪው ያየውን ትቶ የተነገረውን ይጽፋል። የስያሜ ሥራ ይህን እንዳያደርስ መጠንቀቅ የእኛ ድርሻ ነው።