ለአንዲት ነርስ ስንት ሕሙማን?

ደብረ ታቦር፦ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከእብናት ወይም ከፋርጣ ቀበሌዎች ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚመጣ ጽኑ ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም። ስንቅ ቋጥሮ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ይዞ ልጁ ወይም ወንድሙ አብሮት ይመጣል። ሕመምተኛው አልጋ ይዞ እንዲታከም ሲወሰን ያ ዘመድ አስታማሚ ይሆናል። ሕክምናው ሳምንታትን ሲወስድ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር የሚያድረው እርሱ ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ ደግሞ ምናልባት ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት አንዲት ተረኛ ነርስ አለች። የሕመምተኛው ደኅንነት በአብዛኛው የተመሠረተው ይህች ነርስ በዚያ ሌሊት ስንት አልጋ ተሰጥቷታል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው አረጋውያንና አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች የሚኖሩበት ልዩ ተቋም ነው። በኢትዮጵያ ይህን መሰሉ ተቋም ጥቂት ነው። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ ሺዎችን የሚጦር ሆኗል፤ ይሁን እንጂ እንደ እርሱ ያለ ተቋም በየዞኑ አይገኝም። በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ በስትሮክ ጎኑ የማይታዘዝለት አባት፣ አጥንቷ ተሰብሮ ለወራት የተኛች እናት፣ ቃጠሎ የደረሰበት ሕፃን የሚታመሙት በሁለት ቦታ ነው፤ በሆስፒታል ተኝቶ መታከሚያ ክፍልና በቤት። በሁለቱም ቦታ ሥራው በባለሙያና በቤተሰብ መካከል ተከፍሏል። ክፍፍሉ ግን በግልጽ የተነገረ አይደለም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የነርስን ሥራ ከውጭ የሚያይ ሰው መርፌ መውጋትንና ክኒን ማደልን ብቻ ያያል። ከዚህ የሚበልጠው ሥራ መከታተል ነው፤ የትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና የሙቀትን ለውጥ በየሰዓቱ መዝግቦ ሰውየው ከመድከሙ በፊት መድከሙን ማወቅ። የነርሷ ሕሙማን ሲበዙ መጀመሪያ የሚቀረውም ይኸው ክትትል ነው። መድኃኒት ሳይሰጥ ቢቀር አስታማሚው ይጠይቃል፤ የደም ግፊት ሳይለካ ቢቀር ግን ማንም ልብ አይልም።

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቻላል። የስምንት ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው። አንዲት ነርስ ስድስት ሕሙማን ቢኖሯት ለእያንዳንዱ 80 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ሃያ ቢሆኑባት 24 ደቂቃ ብቻ። የእነዚህን ሃያ ሰዎች ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ለመለካት ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ቢታሰብ አንድ ዙር 100 ደቂቃ ይወስዳል፤ በፈረቃው ሁለት ዙር ቢደረግ 200 ደቂቃ ይሆናል። ከሃያዎቹ አምስቱ ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ናቸው እንበል። የመኝታ ቁስል እንዳይዛቸው በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለባቸው። ይህም በስምንት ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዳቸው አራት ጊዜ፣ በድምሩ ሃያ ጊዜ ማለት ነው። አንዱ ግልበጣ ከአልጋ ማስተካከሉ ጋር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ሌላ 200 ደቂቃ ይሄዳል። አንድም መድኃኒት ሳይሰጥ፣ አንድም ቁስል ሳይታጠብ፣ አንድም መስመር በካርድ ላይ ሳይጻፍ ከ480 ደቂቃ 400ው አልቋል። በዚህ መካከል አዲስ ሕመምተኛ ከድንገተኛ ክፍል ቢመጣ ወይም አንዱ ትንፋሽ ቢያጥረው የቀሪዎቹ ክትትል ይቋረጣል። ነርሷ ታታሪ መሆኗ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

የሕሙማን ቁጥር ከሞት ጋር ያለው ግንኙነት በጥናት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና ሕሙማን ላይ በሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ የተደረገው ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር ሕሙማኑ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የወጣው ጥናትም ተመሳሳይ ቁጥር አግኝቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1999 ባጸደቀውና ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ከሁለት ሕሙማን በላይ እንዳይሰጠው፣ በመደበኛው የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ክፍል ደግሞ ከአምስት እንዳይበልጥ ወስኗል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቀጥረው በሚሠሩባቸው የአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያዎች ግን ነገሩ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ በ2024 ለአንድ ተጧሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲሰጥ ደንብ ቢያወጣም፣ በ2025 የቴክሳስ ፍርድ ቤት ደንቡን ሽሮታል።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት አስታማሚ አልጋ ሥር በማያድርባቸው ሆስፒታሎች ስለሆነ ቁጥራቸውን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። በእኛ አገር መመገቡን፣ ማጠቡንና ማገላበጡን የሚሠራው በአመዛኙ ቤተሰብ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት መሆኑ አይካድም። ሆኖም አስታማሚን እንደ ሠራተኛ መቁጠር የነርስን እጥረት ይሸፍነዋል። አስታማሚ አካል መደገፍ ይችላል፤ የደም ግፊት መውረድን ማንበብ ግን አልተማረም። የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ገብሱን ለመሰብሰብ ወደ ማሳው መመለሱ አይቀርም። አልጋው እንደ ሞላ ነው፤ የነርሷ ሥራ ግን በዚያ ሳምንት ጨምሯል።

የረጅም ጊዜ ሕክምና በነርስ ላይ ምን ያህል ሸክም እንደሚያመጣ ደቡብ ጎንደር በራሱ ታሪክ አይቶታል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ መከሠቱ ተረጋገጠ። በሽታው ቀደም ሲል በዋናነት በቆላው በሑመራና በመተማ የሚታወቅ በመሆኑ፣ በደጋው ሰው ሲታመም መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፈተ፤ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በተከታዮቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የታከሙት ሕሙማን ከ2,000 በላይ ነበሩ። የጊዜው ዋና መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ለ30 ቀን በየዕለቱ በመርፌ የሚሰጥ ነበር። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ቢተኛ በወሩ 1,200 መርፌ ማለት ነው። መድኃኒቱ የልብ ምትንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል መርፌውን ወግቶ መሄድ አይበቃም፤ ማስታወኩን፣ የሆድ ሕመሙንና የልቡን ሁኔታ መከታተል ያስፈልጋል። ኋላ ላይ ከፓሮሞማይሲን ጋር ተቀናጅቶ ለ17 ቀን የሚሰጠው ሕክምና ሲመጣ አልጋ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የሕክምናው ማጠር ለሕመምተኛው እፎይታ የመሆኑን ያህል ለነርሷም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሕሙማኑ ቁጥር በሌላ ምክንያትም ጨምሯል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ ፎገራ ነበረች፤ ሌሎቹ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። ቀድሞ ገንዘብ አጥቶ ቤቱ ይተኛ የነበረ አርሶ አደር ዛሬ መዋጮውን ከፍሎ ይታከማል። ይህ የተፈለገው ውጤት ነው። ነገር ግን ወደ ጤና ተቋም የሚሄደው ሰው ሲበዛ የነርሶች መደብ በዚያው ልክ ካላደገ፣ መድኑ የከፈተው በር ተረኛዋ ነርስ ዘንድ ሲደርስ ይጠብባል።

በዓለም ጤና ድርጅት የ2025 ዘገባ መሠረት በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች ሲኖሩ የጎደሉት 5.8 ሚሊዮን ነበሩ። የኢትዮጵያ ጉድለት ግን የተማረ ሰው እጥረት ብቻ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የማኅበረሰብ ነርስ የሚያሠለጥን ተቋም ብርቅ ነበር፤ ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ነርስ የሚያስመርቁ ተቋማት ብዙ ናቸው። ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ነርሶች በየከተማው አሉ። የሚጎድለው በጀት የተያዘለት የሥራ መደብ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. እና በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በአደባባይ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጉዳይ ዋናው እንደነበረም ይታወሳል።

ከአቅሟ በላይ ሕሙማን የተሰጧት አዲስ ነርስ ብዙ ጊዜ ዝም ትላለች፤ አላውቅም ማለት እንደ ስንፍና እንዳይቆጠርባት ትፈራለች። በሙያው የተለመደው ትክክለኛ መንገድ ግን ዝምታ አይደለም። ርክክብ በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በየአልጋው ሲደረግ የደከመው ሕመምተኛ ማን እንደሆነ ገና በፈረቃው መጀመሪያ ይታወቃል። ትንፋሹ የሚያስቸግረው፣ የሚደማውና ራሱን የሳተው ይቀድማሉ። እንደ ኢንሱሊን ያሉ ትንሽ ስሕተት የማይችሉ መድኃኒቶች ከመሰጠታቸው በፊት በሁለተኛ ሰው ዐይን መታየት ይኖርባቸዋል። ቁጥሩ ከአቅም በላይ ሲሆን ለክፍሉ አስተባባሪ ወይም ለማትሮኗ ወዲያውኑ መንገር፣ የነበሩትን ሕሙማንና ነርሶች ብዛት ከነሰዓቱ በጽሑፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በቃል የተነገረ ምሬት በማግስቱ ይረሳል፤ በቀንና በሰዓት የተጻፈ ቁጥር ግን ተጨማሪ መደብ በሚጠየቅበት ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

አስታማሚውም የሚያውቀው ነገር አለ። በክፍሉ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ “ሲስተር”፣ ወንዱ ሁሉ “ዶክተር” ስለሚባል ኃላፊው ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ፈረቃ ሲቀየር ለዚያ አልጋ የተመደበችው ነርስ ማን እንደሆነች በስሟ መጠየቅ ይጠቅማል። ማገላበጥ፣ አፍና ገላ ማጠብ፣ የጠጣውንና የሸናውን መጠን ማስታወስ ቤተሰብ ቢሠራው ነርሷን ያግዛል። የግሉኮሱን ፍጥነት መጨመር ወይም መቀነስ፣ ኦክስጅን መክፈትና መዝጋት፣ ከጎረቤት አልጋ መድኃኒት መዋስ ግን የአስታማሚ ሥራ አይደለም። ራሱን ላልሳተም ቢሆን መዋጥ ለሚያቅተው ሰው “ትንሽ ይቅመስ” ብሎ አጥሚት ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል። ጠበል መጠመቅ ወይም መጾም የሚሻ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ አስቀድሞ ለነርሷ ቢነግር ይበጃል፤ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ቢያልፈው ለሕይወቱ ያሰጋዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ይሉኝታ ነው። ከገጠር የመጣ አስታማሚ ነርሷ ስትሯሯጥ እያየ “አሁን አላስቸግራት” ብሎ እስኪነጋ ይጠብቃል። ትንፋሽ ሲፈጥን ወይም ሲያጥር፣ ሕመምተኛው ሲቃዥ ወይም እንቅልፉ ሲከብድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ፋሻው በደም ሲርስ፣ ሽንቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ ግን ሌሊትም ቢሆን መጥራት ይገባል። ሃያ ሰው ለምትጠብቅ ነርስ በጊዜ የተጠራች ጥሪ ሥራ ታቀልላታለች እንጂ አትጨምርባትም።

ከሆስፒታል መውጣት የእንክብካቤው ማብቂያ አይደለም። በገጠር ቤት አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ቅርብ የሚሆነው ባለሙያ በጤና ኬላው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሰው፣ ሁለት ሠራተኞች ነበር የታሰቡት። ስለዚህ ቤተሰቡ ከመውጣቱ በፊት የመውጫ ወረቀቱን መቀበል፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና የቀጠሮውን ቀን በቃል ደግሞ ማስረዳት፣ ቁስል አጠባውንና ማገላበጡን በነርሷ ፊት በእጁ ሠርቶ ማሳየት ይኖርበታል። ወረቀቱም ሳጥን ውስጥ ከሚቀመጥ ይልቅ በማግስቱ ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ ቢታይ ሕመምተኛውን ቤቱ ድረስ መጥታ ለማየት ከየት እንደምትጀምር ታውቃለች።