ከአንጎላችን ስንተኛው እጅ ይሠራል?

«ሰው የሚሠራው ከአንጎሉ በዐሥረኛው እጅ ብቻ ነው» የሚል አነጋገር በተማሮች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገሩ እውነት ከሆነ ዘጠኙ እጅ በራስ ቅላችን ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ አነጋገሩ ከወዴት እንደ መጣ፣ እውነትነቱም ምን ያህል እንደ ሆነ መርምረን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በ1907 ዓ.ም. ዊልያም ጄምስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ ሰው ካለው የአእምሮና የአካል ኀይል የሚጠቀመው በጥቂቱ ብቻ መሆኑን ጻፈ። ይህን ያለውም ስለ ሰው ትጋት ሲናገር ነበር እንጂ አንጎልን ለክቶ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ግን ጋዜጠኛው ሎዌል ቶማስ ለዴል ካርኔጊ መጽሐፍ በጻፈው መቅድም ላይ «ከመቶ ዐሥር» የሚለውን ቍጥር የጄምስ ቃል አድርጎ አቀረበው። መጽሐፉ በብዙ አገር ስለ ተነበበ ወሬውም አብሮ ተሠራጨ።

ይሁን እንጂ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1861 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር መናገር የተሳነው አንድ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ በግራ በኩል ወደ ፊት ያለው ክፍል ተጐድቶ አገኘ። ዘጠኙ እጅ ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ ጥቂት ስፍራ ቢጐዳ ንግግር ባልጠፋም ነበር። ደግሞም አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሲሆን ከሚፈጀው ኀይል ከመቶ 20 ያህሉን ይወስዳል። ሥራ ፈት ይህን ያህል አይቀለብም! በዘመናችን መሣሪያም ሲታይ ሁሉም ክፍል በየተራው ይሠራል፤ በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ አያርፍም።

እንግዲያስ የትጉህና የሰነፍ ልዩነት ከምን መጣ? መልሱን ሩቅ ሳንሄድ በወሎ ምድር እናገኘዋለን። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። በወረኢሉና በመካነ ሰላም ደጋም የቆሎ ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ የለመነውን ቍራሽ እየበላ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ሲያጠና፣ ደረሳውም 114ቱን የቁርኣን ሱራዎች በቃሉ ለመያዝ በሉሑ ላይ ሲደክም ኖሯል። እነዚህ ሁሉ ያንኑ ቃል ሌሊትና ቀን ደጋገሙት እንጂ የተኛ አንጎል እስኪነቃላቸው አልጠበቁም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናትም ይህን ያጠናክርልናል። የከተማቸውን መንገዶች በቃላቸው የሚያውቁ የለንደን ታክሲ ነጂዎች ሲመረመሩ፣ ስፍራን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ሰፍቶ ተገኝቷል።

ከዚህ የምንረዳው አንጎል ትርፍ ክፍል እንደሌለው ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ የነፍሰ ጡር እናትና የሕፃን ምግብ፣ በደጋው አገራችንም አዮዲን ያለበት ጨው እንዳይጓደል አደራ እንላለን፤ አዮዲን ሲጓደል እንቅርት ከማምጣቱም በላይ የሕፃኑን አንጎል ይጐዳልና። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሮች ሆይ፣ እኛም ተደብቋል የሚባለውን ዘጠኝ እጅ መፈለጉን ትተን የዛሬውን ትምህርት ዛሬ ማታ ደግመን እናጥና።