የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፦ ሎስ አንጀለስ ለምን ሁለት ጊዜ ነደደች?

ኦገስት 11 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) ምሽት፣ በሎስ አንጀለስ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር አቅራቢያ፣ ፖሊስ ማርኬት ፍራይ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት ጠጥተህ ታሽከረክራለህ ብሎ አስቆመው። እናቱ ከቤት ወጥተው ደረሱ፤ ግብግብ ተፈጠረ፤ እናትም፣ ልጅም፣ ወንድምም ታሰሩ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ አካባቢው ለ6 ቀናት ነደደ። 34 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,000 በላይ ቆሰሉ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ «አንድ ሰካራም ተያዘ፣ ከተማ ተቃጠለ» ተብሎ። ክብሪቱን የጫረውን ሁሉም አይቷል። ጭዱን ማን ከመረው የሚለው ግን አይጠየቅም።

ጭዱ ዓመታት የፈጀ ነበር። የካሊፎርኒያ መራጮች በኖቬምበር 1964 በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ በሰፊ ድምፅ ሽረውታል። ጥቁሩ ከሰፈሩ መውጫ አጣ፤ በሰፈሩ ደግሞ በቅርብ የሚታከምበት ሆስፒታል አልነበረም። በየቀኑ የሚያየው የመንግሥት ፊት የፖሊስ ፊት ነበር። ከ1950 ጀምሮ የፖሊስ አዛዥ የነበረው ዊሊያም ፓርከር ጉቦን በመዋጋት የተመሰገነ ሰው ነው፤ ሰፈሩን የሚያውቀው ግን በመኪና መስኮት በኩል ነበር። ሁከቱ ሲነሳ ድንጋይ የወረወሩትን በአራዊት ማቆያ ካሉ ጦጣዎች ጋር አመሳሰላቸው።

በዓመቱ መጨረሻ የቀድሞው የሲአይኤ ኃላፊ ጆን ማኮን የመሩት ኮሚሽን ሪፖርቱን አቀረበ። ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ያስፈልጋል አለ። በፓርከር ላይ ግን እጁን አላነሳም። ሆስፒታሉ በ1972 ተከፈተ፤ ፖሊሱ እንደነበረ ቀጠለ።

በ1967 ኒውርክና ዲትሮይት ተራቸው ደረሰ። በአንዱ 26፣ በሌላው 43 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም መነሻው ፖሊስ ነበር፤ በአንዱ የታክሲ ሹፌር ድብደባ፣ በሌላው የሌሊት መጠጥ ቤት አፈሳ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የከርነር ኮሚሽንን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ ፊት ቀርበው ቃላቸውን የሰጡት የሥነ ልቦና ምሁሩ ኬኔት ክላርክ የ1919ኙን የቺካጎ፣ የ1935ቱንና የ1943ቱን የሃርለም፣ የዋትስንም ሪፖርት ማንበባቸውን ተናገሩ። ትንታኔው ያው፣ ምክሩ ያው፣ ዝምታውም ያው ነው አሉ። ትንቢት ሆነባቸው።

አሁን ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለስ። ፓርከር በወጣትነቱ ሹፌራቸው ሆኖ ያገለገለ ዳሪል ጌትስ የሚባል ፖሊስ ነበራቸው። ጌትስ በዋትስ ሁከት ወቅት መኮንን ሆኖ ግዳጅ ላይ ነበር፤ በ1978 ደግሞ በአለቃው ወንበር ተቀመጠ። በ1982 ስለ አንገት ማነቅ ሲጠየቅ፣ የጥቁሮች የደም ሥር እንደ «ጤነኛ ሰው» ቶሎ ላይከፈት ይችላል የሚል አስተያየት ሰጠ። ከንቲባው ቶም ብራድሌይ ራሳቸው ጥቁርና የቀድሞ ፖሊስ ነበሩ፤ ግን ሊያባርሩት አልቻሉም። የከተማዋ ሕግ ለፖሊስ አዛዡ የዕድሜ ልክ ያህል ዋስትና ይሰጥ ነበር። ጭዱ ብቻ ሳይሆን ጭዱን የሚከምረውም ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ ማለት ነው።

ማርች 3 ቀን 1991 ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን ሲቀጠቅጡ የአካባቢው ነዋሪ በካሜራ ቀረጸ። ከ13 ቀን በኋላ ላታሻ ሃርሊንስ የተባለች የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ በሱቅ ውስጥ በባለሱቋ ተተኩሶባት ሞተች፤ ገዳይዋ ጥፋተኛ ብትባልም እስር ቤት አልገባችም። የፖሊሶቹ ችሎት ደግሞ ነጮች ወደሚበዙበት ሲሚ ቫሊ ተዛወረ። ኤፕሪል 29 ቀን 1992 የጁሪ አባላቱ ነጻ አሏቸው። በሰዓታት ውስጥ ከተማዋ ነደደች። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ወደመ። ዕዳውን የከፈሉት አብዛኞቹ ኮሪያውያን ባለሱቆችና ራሳቸው የሰፈሩ ድሆች ናቸው።

ዘረፋውን ማውገዝ ተገቢ ነው። ውግዘት ግን አንድ ከተማ በ27 ዓመት ልዩነት በተመሳሳይ ምክንያት ለምን እንደነደደ አይመልስም። በ1965 አባቱ ሲዋረድ ያየ ሕፃን በ1992 ሙሉ ሰው ነው።

ይህ ለእኛም ሰዎች ሩቅ አይደለም። በ2015 ቤተ እስራኤላዊው ወታደር ዳማስ ፓካዳ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ፤ ቴል አቪቭ በተቃውሞ ተናወጠች። በ2016 የመንግሥት ኮሚቴ ተቋማዊ ዘረኝነት መኖሩን አመነ። በ2019 ወጣቱ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፤ መንገዶች በጎማ ጭስ ተዘጉ። በሱዳን በረሃ አቋርጠው የመጡት ወላጆች ብዙውን በዝምታ አሳልፈውት ነበር። እዚያው የተወለዱት ልጆች ግን ዝምታን አልወረሱም።

በሎስ አንጀለስ ለውጥ መታየት የጀመረው ምክር አስገዳጅ ሕግ ሲሆን ነው። በ1992 ሕዝቡ በድምፁ የአዛዡን የሥልጣን ዘመን ገደበ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ፖሊሱ ለዓመታት በፌዴራል ፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ዋለ። ሪፖርት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የተወጋ ሰው ግን ልጆች ይወልዳል፣ ይነግራቸዋልም።